እናቴ ለገዛ ለቅሶዋ ያበሰለችው ምሳ

አንድ ሰው ያበሰለላችሁን ምግብ ፊት ለፊቱ ተቀምጣችሁ እየበላችሁ፣ እሱ ገና ያልሰማውን የሞት ወሬ በሆዳችሁ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ይዤ አውቃለሁ። ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ። ምግቡ ይጣፍጥ ነበር፤ ዛሬም ድረስ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ሐዘን ምላስን ያደነዝዛል ሲባል እሰማ ነበር። የእኔን አላደነዘዘውም።

መምህር ነኝና ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስረዳ።

ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች አካባቢ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በተተኪ መምህርነት ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስዞር ከቆየሁ በኋላ፣ ቋሚ ቅጥር አገኘሁ። አራተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። እናቴ ስነግራት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቅዳሜ ሰው እንጠራለን።» የምትሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው እናት ስታጥብና ስታጎርስ ትውላለች። ሰው ቤቷ ጠርታ ማብላት ግን ለእሷ ሥራ አይደለም፣ ዕረፍት ነው። ለዚያች ቅዳሜ ስትል አርብን ፈቃድ ወሰደች።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ ሜዳ ወጥተው እኔ ደብተር ሳርም ስልኬ ጠራ። ከደሴ የአክስቴ ልጅ ነበር። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ በዚያው ቀን አርፋለች። እናቴን በሕፃንነቷ ወላጆቿ ስለሞቱባት ያሳደገቻት ይህች እህቷ ናት። «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ ስትል ድምጿ የአሥር ዓመት ልጅ ድምፅ ይሆናል።

«እንዳትነግሪያት» አለኝ የአክስቴ ልጅ። «ብቻዋን እንዳትሰማ።»

ውጭ አገር ላደጋችሁ አንባቢዎች ስል እዚህ ላይ ስለ መርዶ ጥቂት ልበል። በእኛ ደንብ፣ ዘመዱ በሩቅ የሞተበት ሰው ወሬውን በስልክ ወይም በመንገድ ላይ አይሰማም። የቅርብ ሰዎቹ ቀድመው ይሰማሉ፣ ይደብቃሉ፣ ይመካከራሉ፤ ከዚያ ማለዳ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። የሚናገረው አንድ የተከበረ ሽማግሌ ነው። ሌሎቹ የሚመጡት ሊይዙት፣ ውሃ ሊያቀርቡለት፣ አብረውት ሊያለቅሱ ነው። ሁለተኛም ደንብ አለ፦ ሐዘን የገባበት ቤት እሳት አይነድበትም። ምግብ ከጎረቤት ይመጣል እንጂ ሐዘንተኛ አያበስልም። የመጀመሪያውን ደንብ አውቅ ነበር። ሁለተኛውንም አውቅ ነበር፤ ግን አላሰብኩትም።

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ በሰብዌይ ባቡር ወደ ክርስትና እናቴ ቤት ሄድኩ፤ ብሉር አካባቢ ነው የምትኖረው። እሷም እናቴ «ጋሼ» የምትላቸውን አንድ ሽማግሌ ጠርታ ጠበቀችኝ። ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ በእኛ ሰው መሃል መርዶ የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ እሳቸው ናቸው።

«ደንቡ ነገ ማለዳ ነው» አሉ ጋሼ።

«ነገ ማን አለ?» አለች የክርስትና እናቴ። «እኔ ጎህ ሳይቀድ ሺፍት አለብኝ። ሌላውም እንደዚያው ነው። ነግረናት ወደ ሥራ ልንሮጥ ነው?»

«አርብስ?»

«አርብስ ከሐሙስ በምን ተሻለ?»

ያን ጊዜ እኔ ተናገርኩ። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ያቃተውን ሒሳብ ስሠራለት እንደሚሰማኝ ያለ ነገር ተሰማኝ። «ቅዳሜ ሰው ሁሉ እኛ ጋ ለምሳ ተጠርቷል» አልኩ። «ከሥራም ፈቃድ የወሰደ አለ። የእንግዶቹን መኪና ሁሉ ለሕንፃው አስመዝግቤ ጨርሻለሁ።»

«ፓርኪንግ ሳይቀር?» አሉ ጋሼ።

«ለስምንት መኪና።»

«ይቺን ልጅ አገር ነበር ማስያዝ» አሉ ወደ ክርስትና እናቴ ዞረው።

እሷ ግን አልሳቀችም። «ምግቡስ?» አለችኝ። «እሷ እኮ ልታበስል ነው።»

«ታብስል። አእምሮዋም ይያዛል። ለመጣው ሰውም ይደርሳል።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። አፏ ላይ አንድ ነገር ነበር፤ ዋጠችው። የተማረች ልጅ ናት፣ የገዛ እናቷን ታውቃለች ብላ ይሆናል። በእኛ መሃል ስንት ትክክለኛ ነገር በይሉኝታ ይዋጣል። እኔ ወረቀት አውጥቼ ዝርዝር ጻፍኩ፦ ማን እንደሚናገር፣ ማን በቀኟ ማን በግራዋ እንደሚቀመጥ፣ የደም ግፊት መድኃኒቷ የት እንዳለ፣ ውሃውን ማን እንደሚይዝ። ጥሩ ዝርዝር ነበር። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ምስር አሙቃ ጠበቀችኝ፤ በላሁ።

ሐሙስ ከሥራ እንደተመለሰች እህቷ ጋ ደወለች። አይነሳም።

«ኔትወርክ የለም ይሆናል» አልኩ።

«ኔትወርኩ መቼ ኖሮ ያውቃል? እሷ ጣራ ላይም ወጥታ ቢሆን ታነሳለች» አለችና ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ድምጿን መቅዳት ጀመረች። «እትዬ፣ ተኝተሽ ይሆናል። ልጅሽ ቋሚ ሆነችልሽ። ሰው ጠርቻለሁ፣ ያንቺን አልጫ ልሠራ ነው። ኮረሪማው መጨረሻ ላይ ነው አይደል የሚገባው? ሁልጊዜ እሳሳታለሁ። እንዳትስቂ። ስትነሺ መልሺልኝ።»

ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፈትኩ። ሲነጋ የአክስቴ ልጅ መልእክት ላከልኝ። የእናቱ ስልክ በእሱ እጅ ነው ያለው፤ ድምፁን ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከፍቶት ነበር። «ሁሉም ሰማት። ቤቱ አዲስ ለቅሶ ሆነ» ብሎ ጻፈ። ይህን አንብቤ አርብ ጠዋት ሃያ ስድስት ልጆች ፊት ቆሜ ክፍልፋይ አስተማርኩ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሽታው አሳንሰሩ ድረስ ወርዶ ተቀበለኝ። እናቴ ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ነበር። የበግ አልጫ፣ ጎመን በሥጋ፣ ቀይ ሥር፣ ለልጆች ደግሞ ሩዝ። ሽንኩርቱን ሁሉ በማሽን ፈጭታ ስለጨረሰች ማልቀሻ ሰበብ እንኳ አላገኘሁም። ጠረጴዛው ላይ ከሱፐርማርኬት የገዛቻቸው ቢጫ ቱሊፖች ነበሩ። አበባ የምትገዛው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ግንዱን በሰያፍ ትቆርጥና ውሃው ውስጥ ቁንጥር ስኳር ትጨምራለች። ማን እንዳስተማራት ጠይቄያት አላውቅም።

«እትዬ አልመለሰችልኝም» አለች ድስቱን እያማሰለች። «አሟት ይሆን?»

ያቺ ጥያቄ በር ነበረች። ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ። አሁን ብነግራት፣ የክርስትና እናቴን ብጠራ፣ በአርባ ደቂቃ ትደርሳለች። ምድጃውን አጥፍቼ ልቀመጥ እችላለሁ። ዝርዝሩ ግን ቅዳሜ ይላል፤ ጋሼ ተነግሯቸዋል፣ ሰው ሁሉ ተነግሮታል። «እማ» ብዬ አፌን ከፈትኩ። እሷ ልቅመስ ማለቴ መስሏት አጎረሰችኝ።

«ጨው እንዴት ነው?»

«ልክ ነው።»

«ኮረሪማውስ?»

«ልክ ነው፣ እማ።»

«እንግዲህ እትዬ ሳትረዳኝ ተወጣሁት» አለች፤ ደስ ብሏት ነበር።

ቅዳሜ ሰው የተጠራው ለሰባት ሰዓት ነው። ሐበሻ ለሰባት ሰዓት ሲጠራ ስምንት ተኩል ላይ ይመጣል፤ እናቴም ልብሷን ለስምንት ሰዓት ነበር ያዘጋጀችው። እነሱ ግን ልክ በአራት ሰዓት፣ አሥራ አራት ሰው በአንድ ጊዜ፣ በሩ ላይ ቆሙ። እናቴ ሽርጥ ለብሳ ከፈተችላቸው።

«ምን ጉድ ነው? በሰዓቱ መምጣት አልፎ ቀድሞ መምጣት ተጀመረ?» አለች። «መምህሯን ፈርታችሁ ነው? መዝገብ ትይዛለች አሏችሁ?»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፤ የሳቁ መጨረሻ ግን አላማረም። እናቴ አንድ በአንድ እየሳመች አስቀመጠቻቸው። በዝርዝሬ ላይ ያልነበረውን ነገር ያደረገችው የክርስትና እናቴ ናት። ጠረጴዛው ጋ ሄዳ የአበባውን ማስቀመጫ አነሳችና በረንዳ አውጥታ አስቀመጠችው፤ የመስታወቱን በርም ዘጋችበት። ለቅሶ ሊገባበት ባለው ቤት ውስጥ አበባ ማየት አልቻለችም ይሆናል። እጇ ከእሷ ቀድሞ ያደረገው ነገር ይመስላል።

እናቴ አየቻት። «አበባው ምን አደረገሽ?» አለች።

እናቴ በሩ አጠገብ ጫማቸውን ያወለቁትን ሰዎች፣ ከዚያ ጋሼን፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ማነው?» አለች።

ጋሼ ተነሱ። «ቁጭ በዪ፣ እህቴ።»

«ጋሼ፣ ማነው?»

«እትዬ አረፈች። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር፤ ግራና ቀኝ የመደብኳቸው ሰዎችም እጃቸውን አዘጋጅተው ነበር። እሷ ግን ወደ ወጥ ቤት ሄዳ የአራቱንም ምድጃ እሳት አጠፋች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ ነው የጮኸችው። ሮጬ እጆቿን ያዝኩ፤ ጣቶቿ በእርድ ቢጫ ሆነው ነበር።

«መቼ ነው?» አለች በኋላ፣ ድምጿ ሲዘጋ።

«ረቡዕ» አሉ ጋሼ።

«ሐሙስ አናግሬያታለሁ እኮ።» አየችኝ። «አጠገቤ ነበርሽ።»

ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ተዘርግቶ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው እየተጨመረ ሄደ። ሰው ይርበዋል፤ ከሺፍት በቀጥታ የመጣም አለ። የክርስትና እናቴ ከጎረቤት ሽሮና ዳቦ ለማስመጣት ስልክ ስትደውል እኔ አልጫውን አወጣሁ፤ ሌላ የሚበላ ነገር አልነበረም። ማን እንዳበሰለው የሚያውቁት ሰዎች ሳህኑን ተቀብለው አንገታቸውን ደፍተው በሉ። ዘግየት ብለው የመጡ አንዲት አሮጊት ግን አያውቁም። «ይህን አልጫ ማን ነው ያመጣው? እጇ ይባረክ» አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ ፍራሹ ዞረ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች እናቴ ከፍራሹ ላይ። «የእህቴ አሠራር ነው።»

አሮጊቷ ሳህናቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

አርባው እስኪወጣ ድረስ እናቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ማታ ማታ እኔ የሠራሁትን ትበላለች፣ ታመሰግናለች። የሚያስፈራኝ ምስጋናዋ ነበር፤ ለሰው ቤት ምግብ የሚቀርብ ዓይነት ምስጋና ነው። ከአርባው በኋላ በአንድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ እኔ ጀመርኩት። ማስረዳት ጀመርኩ። ረቡዕ ሰው ሥራ ላይ እንደነበረ፣ ሐሙስም፣ አርብም፣ ብቻዋን እንዳትሰማ እንደፈራን፣ ቅዳሜ ለምን እንደተመረጠ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«በሰው መሃል መስማቴ ደግ ነው» አለች። «በእሱ አልቀየምሽም። ለምን አስበሰልሽኝ?»

መልስ ፈለግኩ። አእምሮዋ እንዲያዝ፣ ለሰውም እንዲደርስ ብዬ። ኩባያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ደስ ብሎኝ ነበር እኮ» አለች። «እሷ መሬት ገብታ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እየዘፈንኩ ነበር። ቀምሼ ጣፈጠኝ። እሱን አሁን የት ላድርገው?»

«ሰው እስኪሰበሰብ ብለን ነው፣ እማ።»

«አንቺና የክርስትና እናትሽ ሁለት ሰው አይደላችሁም?»

ከዚያ ተነስታ ኩባያዎቹን አጠበች። ከእኔ ጋር ታርቃለች፤ እኔም እንደታረቀች አውቃለሁ። አልጫ ግን እስከ ዛሬ አልሠራችም። ሰው ቤት ቀርቦላት ስትነካው አላየሁም። ሰው መጥራትም ትታለች፤ «ሌላ ጊዜ» ትላለች፣ አርብ ሲመጣ ፈቃድ አትጠይቅም። እኔ ከእሷ የወሰድኩባት እህቷን አይደለም፤ እህቷን የወሰደ ሌላ ነው። እኔ የወሰድኩት ለሰው ማብሰሏን ነው፤ እሱን ደግሞ መልሼ እንዴት እንደምሰጣት አላወቅኩም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንዲህ ያለ ወሬ አንድ ቀን በእጃችሁ ይገባል፤ አይቀርም። ያን ጊዜ ቅዳሜን አትጠብቁ፣ ቤቱ እስኪሞላም አትጠብቁ። አንድ የምታምኑትን ሰው ጠርታችሁ በዚያው ዕለት፣ ሐዘንተኛዋ ከሥራ ገብታ ጫማዋን አውልቃ ስትቀመጥ፣ ምድጃው ሳይለኮስ ንገሯት። ሁለት ሰው ይበቃል። ሌላው በኋላ ይደርሳል። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እባካችሁ ሞክሩት።