አክስቴ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችው ማስታገሻ

አክስቴ ቆቦ ገበያ ውስጥ ነጠላና ጋቢ እየነገደች ነው ያሳደገችኝ። ትውልዷ ከአላማጣ ወዲያ ስለሆነ፣ አንጀቷ ሲራራ አማርኛዋን ትታ «ጓለይ» ትለኛለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። የጡቷ ካንሰር ወገቧ አጥንት ውስጥ መግባቱ ሲታወቅ፣ ሐኪሙ ከእንግዲህ ማዳን ባይቻልም ህመሟን ማስታገስ እንደሚቻል ነግሮን የሞርፊን ሽሮፕ አዘዘላት።

እሷ ግን አልተሻላትም። እኔ ልስጥሽ ስላት «ሕፃን ነኝ እንዴ?» ብላ ጠርሙሱን ትቀበለኛለች። ጎረቤቶች ሊጠይቋት ሲመጡ ነጠላዋን አስተካክላ ታስቃቸዋለች፤ በሩን ዘግተው ሲወጡ ጥርሷን ነክሳ ወደ ግድግዳው ትዞራለች።

አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ቤታችን መጣች።

«እማማ፣ ህመሙ እንዴት ነው?»

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ነርሷ አልተከራከረችም። «እስቲ ቀና ይበሉልኝ» ብላ እጇን ሰጠቻት። አክስቴ ቀና ስትል የነርሷን እጅ ጭምቅ አደረገችው።

«ደህና ሆነው ነው እጄን ሊሰብሩት የደረሱት?»

አክስቴ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ወደ ሳጥኗ ጠቆመችኝ። ስከፍተው ሽሮፑ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ብዙም አልተነካም።

«ለምን አክስቴ?» አልኩ ድንግጥ ብዬ።

«የባሰው ሲመጣ በምን ልችለው? አሁን ከለመድኩት ያኔ አይሠራልኝም።»

ነርሷ አጠገቧ ተቀመጠች። «ይሄ እንደ እህል ለክፉ ቀን አይቀመጥም እማማ። ህመሙ ከባሰ መጠኑን እንጨምራለን። ሰዓቱን ጠብቀው ካልወሰዱት ግን ህመሙ ስር ሰዶ ያስቸግረናል።»

«አደንዝዞ ሰው ቢያስረሳኝስ?»

«መጀመሪያ ሰሞን ያስተኛዎታል፣ ከዚያ ይለቅዎታል። ሆድ ያደርቃል፤ ለሱም መድኃኒት አለው።»

አክስቴ አሰብ አድርጋ «እንግዲያው ግማሹን ልውሰድ» አለች።

«አይቀነስም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«እዚህ የገበያ ክርክር የለም!»

ሦስታችንም ሳቅን። ነርሷ ህመሟን ለምን እንደምትደብቅ ስትጠይቃት ግን አክስቴ ወደኔ አየች። «አመመኝ ስል ፊቷ ይጠቁራል። የሷ ፊት ሲጠቁር እኔን ይብስብኛል።»

ወጥቼ ጓሮ ትንሽ አለቀስኩና ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ «የቱ ጋ ነው?» ብዬ እጠይቃታለሁ፣ እሷም ሳትደብቅ ትነግረኛለች፤ መድኃኒቷን በሰዓቱ እሰጣትና ወገቧን በሞቀ ጨርቅ እይዝላታለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔም ፈራሁ። አንድ ጠዋት ግን «ቀሚሴን አምጪ፣ ባጃጅ ጥሪ» አለችኝ። ገበያ ወሰድኳት። የድሮ ባልደረቦቿ ትራስ ደርድረው አስቀመጧት። ከዋጃ ጋቢ ሊያስረክብ የመጣ አንድ ሸማኔ በጓደኛዋ ላይ ዋጋ ሲያስወድድ፣ አክስቴ ተተክታ ተከራከረችላት፤ ሰውየው በመጨረሻ «እናቴ፣ ታመዋል ብለውኝ ነበር'ኮ» ብሎ እየሳቀ ዋጋውን ቀነሰ። እሷም እየሳቀች «ብታመምም ዋጋ አልረሳሁ» አለችው።

ማሽላው ሲታጨድ እጄን እንደያዘች አረፈች። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ግን ሙሽራ ሆና ቆቦ የገባች ዕለት ሙቀቱ እንዴት እንዳስለቀሳት፣ ባሏም ጥላ ይዞ ሲከተላት መንደሩ እንዴት እንደሳቀበት አጫወተችኝ። ባሏን አላውቀውም ነበር፤ አሁን ግን ከነጥላው ይታየኛል።