ከበሩ አጠገብ ያለው ቦታ

«ለግድግዳ ትሰግጃለሽ ወይስ አትሰግጂም? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«አባዬ፣ ስግደት አይደለም። ሪስፔክት ነው።»

«ግድግዳው ምን አደረገልሽ?»

ከንጋቱ 12፡30፣ ዲኬተር

ከባቡር ጣቢያው ደጅ ሲያነሱኝ ክርክሩ ከቤታቸው ከሊልበርን አብሯቸው መጥቷል። የሚነዱት አጎቴ ጋሽ ታደለ ናቸው። ከጎናቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ሰናይት ኬንዶ የሚባለውን የጃፓኖች የቀርከሃ ሰይፍ ግጥሚያ ከጀመረች ስድስት ወሯ ነው። ልምምዱ ሲጀመር ለአዳራሹ የፊት ግድግዳ ይጎነበሳል፤ ጋሼ ዛሬ በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ስግደት ካዩ ይዘዋት ይመለሳሉ፣ ኬንዶ በዚያው ያበቃል። እኔ የተጠራሁት ለምስክርነት ነው። «ገጣሚ አይዋሽም» ብለውኛል። ግጥሞቼን አላነበቡም።

1፡15፣ አውራ ጎዳና ሁለት ሰማንያ አምስት

መንገዱ ተዘጋግቷል። ከነዳጅ ማደያ የገዛሁት ሙፊን ሦስት ዶላር ከሃምሳ፣ ጣዕሙ የስፖንጅ። የሰናይት የኬንዶ ጓንት ከኋላ ወንበር፣ ከእኔ ጋር ተቀምጧል። እርጥብ ውሻ እርጥብ ውሻ ይሸታል።

«ጋሼ፣ መስኮት ላውርድ?»

«ኤሲ አብርቻለሁ።»

2፡00፣ ኬኔሶ

የኬንዶው አዳራሽ በጎማ መሸጫና በጥፍር መሥሪያ መካከል ነው። በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል፤ አፍንጫው ወደ ውጭ ዞሮ ይደረደራል።

«ይኼ እንኳ ደህና ነው» አሉ ጋሼ ማሰሪያቸውን እየፈቱ።

በተቀመጠ ሰው ፊት አይታለፍም፤ በጀርባው ይዞራል።

«ይኼም ደህና ነው።»

አቀማመጡ በማዕረግ ነው። ከበሩ የራቀው ለመምህሩ፣ ለበሩ የቀረበው ለአዲስ ገቢ። መምህሩ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ፖስተኛ፣ ጋሼን ሲያዩ ከላይ ያለውን ወንበር በእጃቸው አሳዩ።

«ኧረ እዚሁ ይበቃኛል» አሉ ጋሼ፤ ከበሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። እስኪጎትቷቸው ጠበቁ። የሚጎትት የለም።

የተቀመጡት ሰናይት ቦታ ላይ ነው። እሷ ከአባቷ በላይ መቀመጥ አፍራ ከበታቻቸው ሆነች።

«አንቺ እኮ የቤቱ ሰው ነሽ» ብለው ከእሷ በታች ወረዱ።

እሷም ወረደች። እሳቸውም ወረዱ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ሳይይዝ ማንም አይንበረከክምና ሰይፍ የያዙ አሥራ አንድ ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ። ከአባትና ልጅ በታች የቀረው የጫማ መደርደሪያው ብቻ ነው።

መምህሩ መሐሉን አቋርጠው መምጣት ሲችሉ በሁሉም ጀርባ ዞረው መጡ። ጋሼ ፊት ተንበርክከው ግንባራቸውን ወደ ወለሉ አወረዱ።

«ኧረ በስመ አብ! ኧረ ይነሱ!»

ጋሼ ዘለው ተነሡ። በዕድሜ የሚበልጣቸው ሰው አጎንብሶ እሳቸው ቀና ብለው አያውቁም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እስከ ወገባቸው ዝቅ አሉ። አሥራ አንዱም ለእሳቸው አጎነበሱ። ጋሼ በየተራ መለሱ፣ አንድ ሰው ሳይዘሉ።

ሲጨርሱ ላብ በላብ ሆነው ጫማቸውን አነሡ። ሰናይትም ጓንቷን አነሣች። አባቷ ስግደቱን አይተዋል።

«ልምጣ፣ አባዬ?»

«ቦታሽ ላይ ተቀመጪ። ሰዎቹ ቆመዋል።»

ጀርባቸውን ሳይሰጡን፣ በካልሲያቸው ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።