አባቴ የሳመው በር

ናፍታሊን ሲሸተኝ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሌላ ሰው ሻንጣ ከፍቶ ያ ሽታ ሲወጣ የበዓል ልብስ ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔ ትዝ የሚለኝ አንድ የታሪክ መምህር ነው። ባለፈው ሰሞን ብርድ ልብስ ላወጣ ሻንጣ ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ብቻዬን ቆሜ ስሳደብ ልጄ ደረሰችብኝ። ማንን ነው የምትሰድቢው አለችኝ። ማንንም አልኳት። ላንቺ ግን ልንገርሽ፤ እንድታዝኚልኝ ሳይሆን አብረሽኝ እንድትናደጂ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤታችንም ቤታችንም ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ በወጣትነቱ ከጋሞ መጥቶ እዚያው የቀረ ሸማኔ ነበር። እግሩን ከሸማ ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ጎህ ሲቀድ የጀመረውን ሲመሽ ነው የሚያቆመው። በመወርወሪያው ድምፅ ነቅቼ በሱው ድምፅ እንቅልፍ የሚወስደኝ ልጅ ነበርኩ።

ያ መምህር የከተማዋን ታሪካዊ ቦታዎች በአንድ ቀን ላሳያችሁ ብሎ ተነሳ። በነገራችን ላይ «እሱ» እያልኩ ሳወራ እንዳይገርምሽ፤ አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው። ጠዋት እንጦጦ ማርያምንና አጠገቧ ያለውን አሮጌ ቤተ መንግሥት፣ ከሰዓት ደግሞ ወደ መሃል ከተማ ወርደን ሙዚየም ልናይ ነበር። ተማሪ የሚጠብቅ አንድ ወላጅ ተፈለገ። ባለሱቆቹ አይመቸንም አሉ፣ የመንግሥት ሠራተኞቹ ፈቃድ አናገኝም አሉ። አባቴ ግን ድሩን እንደተወጠረ ትቶ እኔ እሄዳለሁ አለ።

እንጦጦ ሥር ያን ያህል ዓመት ሲኖር ቤተ መንግሥቱን ገብቶ አይቶት አያውቅም። ማታውን ኮቱን ሲቦርሽ፣ ጫማውን ቀለም ሲቀባ፣ እናቴን ይሄ ሸሚዝ ይሻላል ወይስ ያኛው እያለ ሲያስቸግር አመሸ። ከተማረ ሰው ጎን እኩል ቆሞ መታየት፣ ያውም በልጁ ፊት፣ ለሱ ቀላል ነገር አልነበረም። እኔም ኩራቱ ተጋብቶብኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ጠዋት አውቶቡሱ እያቃሰተ ዳገቱን ወጣ። በመስኮቱ የባህር ዛፍ ሽታና ብርድ ይገባል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ አባቴ እያንዳንዳቸውን በእጁ ሰላም ይላል። ማርያም ስንደርስ ጫማችንን አውልቀን ተሳለምን፣ አባቴም ግድግዳውን ተደግፎ ብዙ ጸለየ። ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥቱ አለፍን።

ነጭ ግድግዳ ያለው፣ የእንጨት በሩ ያረጀ፣ ከሩቅ ሲያዩት ከቤተ ክርስቲያኑ እምብዛም የማይለይ ቤት ነው። መምህሩ ከፊት፣ እኛ መሃል፣ አባቴ ከኋላ ሆነን ገባን። የኛ ቤት ሰው አሮጌና የተከበረ በር ላይ ሲደርስ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ ጫማውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ የበሩን ጎን ሳመ። ቀና ሲል ከንፈሩ ላይ ኖራ ነበረበት።

ሳቁ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት ሄደ። መምህሩ ዞር ሲል ዝም ያሰኛቸዋል ብዬ ጠበቅሁ።

«ተማሪዎች፣ ተመልከቱ» አለ። «ታሪክ ያልተማረ ሰው ማለት ይሄ ነው። ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አይለይም።»

አባቴ ኖራውን በእጁ ጀርባ ጠርጎ ይቅርታ ጠየቀው። እስኪ አንቺው ፍረጂ፤ ነገሥታት የገቡበትን በር መሳም ምን ነውር አለው? ያ መምህር እኮ ርዕሰ መምህሩ ባለፉ ቁጥር ግንባሩ መሬት እስኪነካ የሚያጎነብስ ሰው ነበር። በሱ ማጎንበስ ግን አንድም ቀን የሳቀ የለም።

ከሰዓት ሙዚየሙ በር ላይ መምህሩ የሁላችንንም ቦርሳ አባቴ እግር ሥር አስከመረና «እርስዎ እዚህ ይጠብቁልን። ውስጥ ገብተው ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይስሙብን» አለው። እኔ አልገባም ብዬ ከአባቴ አጠገብ ቁጭ አልኩ። አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ ግቢ አለኝ። እንደዚያ ኮስተር ብሎ ተናግሮኝ ስለማያውቅ ተነስቼ ገባሁ። ውስጡ ጨለም ያለ፣ በመስታወት የታጠረ፣ የነገሥታት ካባ የተሰቀለበት፣ ሁሉም ነገር ናፍታሊን ናፍታሊን የሚሸት ነበር። ስለ ካባዎቹ የተነገረው አንድም አልገባኝም፤ በመስኮት አባቴን ነበር የማየው። ቦርሳዎቹ መሃል፣ ፀሐይ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አጠገቡ ድንጋይ ነበረ፤ አልተቀመጠም።

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን ዝም አልከው ብዬ ጮህኩበት።

«ነገ እሱ ፊት የምትቀመጪው አንቺ ነሽ» አለኝ። «እኔማ ጉድጓዴ ውስጥ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ልጆቹ እኔ ስመጣ የክፍላችንን በር እየሳሙ ይገቡ ጀመር። አንዱን በጥፊ አጮልኩት፤ ያ መምህር ጠጠር ላይ አንበረከከኝ። ጉልበቴን ያየችው እናቴ ወድቄ ነው ስላት አመነችኝ። አባቴ ያመነኝ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን እናቴ የፈተለችውን ጥጥ ወስዶ አንድ ጋቢ ጀመረ። የማን ነው ብዬ ስጠይቀው የመምህርሽ ነው አለኝ።

አለቀስኩ፣ እህል አልበላም አልኩ፣ መቀስ ላነሳበትም ቃጣኝ። እሱ ግን ለሙሽራ እንደሚሠራ ተጠንቅቆ ጨረሰው። የጋቢ ጫፍ መቋጨት ደግሞ የኔ ሥራ ነበር። ያንን ጋቢ የቋጨሁት በንዴት ነው፤ ጣቶቼ እስኪቀሉ እየጎተትኩ፣ እያንዳንዱን ቋጠሮ የዚያን ሰውዬ አንገት እንደማስር አድርጌ አጠበቅሁት። ወስጄ ስሰጠው ገለጥ አድርጎ አየና አባትሽን አመስግኚልኝ ብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ያን ዓመት በታሪክ ጥሩ ውጤት አመጣሁ። በጋቢው ይሁን በራሴ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይሄም ሲያናድደኝ ይኖራል።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱን ብበረብር የእጁ ሥራ አንድም አላገኘሁም። ሸማኔ ቤት ጥሩ ጨርቅ አይከርምም፤ ሲያልቅ ገበያ ይወጣል። እሱ ራሱ የሚለብሰውን ጋቢ እንኳ ለብሶት ተቀበረ። እናቴ ምነው አንድ ነጠላ ባስቀረሁ ስትል ሰማኋት።

ባለፈው ኅዳር ማርያምን ልስም እንጦጦ ወጣሁ። ከቅጥሩ ጥግ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። ፊቱን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ያወቅሁት የለበሰውን ነው። ብዙ ታጥቦ ነጣ፣ ሳሳ ብሏል፣ ጥለቱ ደብዝዟል፣ ቋጠሮዎቹ ግን አንዳቸውም አልተፈቱም። ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ልጄ እስኪ ደግፊኝ አለኝ። ትከሻው ላይ ጋቢውን ጨብጬ አነሳሁት።

እንደ ማንኛውም ሽማግሌ «የማን ልጅ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ይሄን ጋቢ የሠራልዎት ሰው ልጅ ነኝ።»

ወደ ጋቢው ጎንበስ ብሎ አየ። «እ... የሸማኔው» አለ። ስሙን አላስታውሰውም አለኝ፤ ድሮም ጠይቆት አያውቅም። የአባቴን ስም ነገርኩትና ይጥሩት አልኩት። አጉረመረመ። አልሰማሁም አልኩት። ሰው ዞር ዞር እያለ እስኪያየን ድረስ ጮክ ብሎ ጠራው።

«በቃ ልጄ፣ ቆሜያለሁ» አለኝ ቀጥሎ። «ልቀቂኝ።»

እኔ የያዝኩት ግን እሱን አልነበረም።