በአሜን የተሾመው አማች

ተማሪዎቹ «ተተኪዋ» ይሏታል። ሴትየዋ የሉተራን ሴሚናሪው ምክትል ዲን ሆና ጸጉሯ እስኪሸብት ድረስ «ቀጣይዋ ዲን እሷ ናት» ሲባል ኖሯል። ዕብራይስጥ የምታስተምረው እሷ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል የምታወጣው እሷ፤ የመኝታ ቤቱ የውሃ ፓምፕ ሲቆም ቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ የምትሮጠው እሷ። ለጋሾች ሲመጡ ግቢውን የምታስጎበኘውም እሷው ናት። ዲኑ ለፎቶው ይደርሳሉ።

ዘንድሮ የሽማግሌው ጉልበት እምቢ አለና የመተካካት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴ የሚሉት ዲኑን፣ ሁለት ቄሶችን፣ አንድ ጸሐፊንና እሷን ነው። የመተካካት ዕቅዱን መሪ ቃል ሲመርጡ ወራት ፈጁ። ዲን የሚመረጥበት ቀን ሲደርስ ሰብሳቢው ቄስ «ከመወሰናችን በፊት ጋሼ በጸሎት ይምሩን» አለ።

ዲኑ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ስለ ቤተ ክርስቲያን ጸለዩ፤ ስለ ዓለም ሰላም ጸለዩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ቤት እንዲመራ ስላዘጋጀኸው ባሪያህ፣ ስለ ልጄ ባል፣ እናመሰግንሃለን» አሉ።

«አሜን!» አለ ቤቱ።

እሷም አለች። ምን ታድርግ? ከልጅነቷ ጀምሮ ጸሎት ሲያልቅ አፏ በራሱ ይከፈታል። የሰማችው ነገር የገባት አሜኑ ካመለጣት በኋላ ነው።

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። «መንፈስ አንድ አደረገን። ጸሐፊ፣ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ብለህ ያዝልኝ።»

«ምኑ ነው የጸደቀው?»

«እህታችን፣ አንቺም እኮ አሜን ብለሻል።»

«አሜን ያልኩት ለእግዚአብሔር ነው እንጂ ለጋሼ አማች አይደለም። አሜኔን አውጡልኝ!»

«አሜን ደግሞ ይወጣል እንዴ?» አለ ሁለተኛው ቄስ፣ ከልቡ ደንግጦ።

እነዚህ ናቸው እንግዲህ «ምእመን ሁሉ ካህን ነው» እያሉ ክፍል ውስጥ ጉሮሯቸው እስኪነቃ የሚጮኹት! ምእመን ሁሉ ካህን፤ ዲን ግን አማች ብቻ! የጳጳስ ዙፋን ሲያወግዙ ዕድሜያቸውን ጨረሱ፤ ወንበሩ የራሳቸው ሲሆን ጊዜ አልጋ ወራሽ አማራቸው።

አማችየው ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ በር ላይ ሲጠብቅ ነበር። ገብቶ እጇን ጨበጠ።

«እትዬ፣ ያው ሥራውን እንደ ድሮው ያዢልኝ፤ እኔ ራእዩ ላይ ላተኩር።»

ሰብሳቢው ጉዳዩ በሰላም ያለቀ መስሎት «እስኪ እህታችን በጸሎት ዝጊልን» አለ። ወንበር ሲነፍጓት የመዝጊያ ጸሎት ይመርቁላታል።

ተነሥታ ቆመች።

«ጌታ ሆይ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ዕብራይስጡን፣ ድልድሉን፣ ፓምፑንና እንግዶቹን ሁሉ ለአዲሱ ዲናችን በእጁ ስለሰጠኸው፣ እኔንም ከምክትልነት ስላሳረፍከኝ እናመሰግንሃለን።»

«አሜን!» አሉ በአንድ አፍ። ከሁሉም ጮክ ያለው አማችየው ነው።

ዐይኗን ገልጣ ወደ ጸሐፊው ዞረች። «ያዝ። በሙሉ ድምፅ።»

«እህታችን፣ ይሄማ ጸሎት ነው እንጂ...» አለ ሰብሳቢው።

የቁልፍ እሽጓን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ ወጣች።

ተማሪዎቹ ይህን እያወሩ በሳቅ ይንፈራፈራሉ፤ አዲሱ ዲን ባልዲ ይዞ ከፓምፑ ጋር ሲታገል አይተው እንዴት አይሳቁ! ይሳቁ። ወንበሩ ግን የእሷ ነበር፤ አሁንም አማች ተቀምጦበታል።