የአጎቴ ሁለት ጠፍሮች

አባይን ብቻቸውን በታንኳ ያሻግሩ የነበሩት አጎቴ ባለፈው ጾም አረፉ። ከመካነ ሰላም ወርዶ ወደ ጎጃም የተሻገረ ሁሉ «ራስጌዋም ግርጌዋም ሳይታሰር ማንም አይወርድም» ማለታቸውን ያስታውሳል። መጀመሪያ ራስጌዋን፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል ያለውን ጠፍር፣ ከዳሩ ድንጋይ ጋር ያስሩ ነበር፤ ቀጥሎ የታችኛውን፣ ግርጌዋን።

በረሀቡ ዓመት እኔና እናቴ እህል ፍለጋ ስንሻገር አንድ ሚሊሻ አብሮን ነበር። ለእኛ የጠፋው ዝናብ ከላይ ዘንቦ አባይ ሞልቷል። ዳር እንደደረስን ሚሊሻው «ይኼ ሽማግሌ ደግሞ እንደ በሬ ሊያስራት ነው!» ብሎ ዘለለ። የእግሩ ግፊት ታንኳዋን ወደ ጎርፉ መለሳት። እሱ ጭቃው ላይ በግንባሩ ተደፋ፤ እናቴ ከጠርዙ ስትወድቅ መቀነቷን ይዤ አስቀረኋት። አጎቴ ጠፍሩን በክንዳቸው ጠምጥመው ውሃው ውስጥ ገቡ። ጠፍሩ ቆዳቸውን እስከ አንጓቸው ገሸለጠው፤ ግን ራስጌዋን አሰሩ።

ሚሊሻው ተነሥቶ «አድኃሪ! ሆን ብለህ ነው!» አለና በሰደፍ አፋቸውን መታቸው። ከደሙ ጋር ጥርስ ተፉ።

«ግርጌዋ ቀርቷል ልጄ፤ እሱን ልሰርና ከዚያ ምታኝ» አሉት።

አሰሩ። ደገማቸው። እናቴ ግን ያን ጊዜ መሬት ረግጣ ነበር።

ከቀብራቸው በኋላ ወደ ወንዙ ወረድሁ። ከማዶ አንድ ሰው «ጋሼ፣ ያሻግሩኝ!» እያለ ይጣራል። ማረፋቸውን ጮኼ ነገርሁት፤ የውሃው ድምፅ በለጠኝ። እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ እንደገና ተጣራ።