የተሸጡት ጉድጓዶች ጭስ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የነዳጅ ቦቴ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እኔ ደግሞ ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ ውጭ አገር ላለ ድርጅት የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎችን እመዝናለሁ። የካርቦን ልቀቱን በእርግጥ የቀነሰው የትኛው ነው? አፍ ብቻ የሆነውስ? ሥራዬ ይህን መለየት ነው። ሥራውን ያገኘሁ ቀን አባቴ፣ «እኔ ሳመላልሰው የኖርኩትን ጭስ አንቺ ልትለኪው ነዋ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ሐሙስ ሐሙስ ከአፍንጮ በር በእግሩ ወርዶ ፂሙን ይላጭና ቢሮዬ ብቅ ይላል። አንድ ሐሙስ ሲመጣ የደረጃ ሰንጠረዡን ጨርሼ ለመላክ እየተዘጋጀሁ ነበር። መነጽሩን አድርጎ አንደኛ የወጣውን ኩባንያ ግራፍ ተመለከተ።

«ይሄ መስመር እዚህ ጋ ምን ሆኖ ነው ዘጭ ያለው?»

«ልቀታቸውን ቀንሰው ነዋ፣ አባዬ።»

«በአንድ ዓመት?» አገጩን ዳበሰ። «እኛም ድርጅት አሮጌዎቹን ቦቴዎች ሸጦ ‹መኪኖቻችን አያጨሱም› ይል ነበር። እኛ ግን መንገድ ላይ እናገኛቸዋለን፤ ታርጋ ቀይረው ያንኑ ጥቁር ጭስ ይተፋሉ። እስቲ እነዚህ ምን እንደሸጡ እዪ።»

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከነከነኝ። የተማርኩት እኔ ነኝ! እሱ ሲሄድ ግን ሪፖርቱን እንደገና ከፈትኩ። መጨረሻው አካባቢ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አገኘሁት፦ ብዙ ጋዝ የሚቃጠልባቸውን አሮጌ የነዳጅ ጉድጓዶች ለሌላ ኩባንያ ሸጠዋል። የገዢውን ሪፖርት ፈለግኩ። ጉድጓዶቹ ይሠራሉ፣ ጋዙም ይቃጠላል። ባለቤቱ ተለወጠ እንጂ አየሩ ምንም አላተረፈም።

አለቃዬ የሰንጠረዡን ረቂቅ አይታ ወዳው ስለነበር ፈራ ተባ እያልኩ ደወልኩላት። ያገኘሁትን ነገርኳት።

«እንዴት አሰብሽው?» አለች በመጨረሻ።

«አባቴ ነው የጠየቀኝ። የቦቴ ሹፌር ነበር።»

ሳቀች፤ እኔም ተነፈስኩ። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱን ኩባንያ ሽያጭ እያጣራን ሁሉንም እንደገና ሠራን። አንደኛ የነበረው ኩባንያ ወደ መሃል ወረደ። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን ምንም ሳይሸጥ፣ ጋዝ የሚያፈተልክባቸውን ቱቦዎች አንድ በአንድ ሲጠግን የከረመ፣ እኛም ልብ ያላልነው ኩባንያ ሽቅብ መውጣቱ ነው።

ሪፖርቱ ሲወጣ መጨረሻው ላይ «አንድ ጡረተኛ ሹፌርን እናመሰግናለን» የሚል መስመር ነበረው። አባቴን ፒያሳ ኬክ ቤት ወስጄ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ባንኮኒው ጋ ለቆመው አስተናጋጅ «ይቺ ልጄ ናት» አለው፤ ሐኪም የከለከለውን ሁለተኛ ኬክም አዘዘ።

«ቆይ ግን» አለኝ ክሬሙን ከከንፈሩ እየጠረገ፣ «ያ ቱቦ የጠገነው ኩባንያ፣ የማይታይ ጋዝ በየት በኩል እንደሚያፈተልክ እንዴት አወቀ?»

ናፕኪን ላይ ቱቦ እየሳልኩ ማስረዳት ጀመርኩ።