ለባላባቱ የሰጠችው ድምፅ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው ሞተች። ንስሐ አባቴም በየጾሙ ሲጠይቁኝ ጥቃቅኑን ብቻ እየነገርኋቸው ስመለስ ኖሬአለሁ። ለእናንተ የምጽፈው ስለማላውቃችሁ ነው፤ ፊታችሁን ማየት ቢኖርብኝ ኖሮ ዛሬም አልደፍርም ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ስልክ ነው። ዓይኔ ስለደከመ ልብ ወለድ በድምፅ እየከፈተች ታስደምጠኛለች፤ እኔም እያዳመጥሁ እሳደባለሁ። አንዱ ተራኪ ፒያኖ ከኋላው አስከትሎ ያነባል። ሌላው ሴት በተናገረች ቁጥር ድምፁን አቅጥኖ ያሾፍባታል። ሦስተኛው አውቶቡስ የሚያመልጠው ይመስል ይሮጣል። ሰው ሲሞትም በዚያው ፍጥነት! እንዲህ ስነጫነጭ ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ሳቀችና፣ «አባባ፣ እርስዎ ስለ ትረካ ይህን ሁሉ ከየት ተማሩ?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። በእሷ አልነበረም፤ በራሴ ነው። ያስተማረችኝን ሴት ምን እንዳደረግኋት ብታውቅ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር?

ሙሉነሽ ትባል ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለው ቀበሌያችን የምትኖር የታይፕ ጸሐፊ ነበረች። በቀበሌው አዳራሽ ፊት ለፊት ዋርካው ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የስብሰባ ጥሪውና መዝሙሩ ሲያበቃ፣ ሙሉነሽ የአዳራሹ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ልብ ወለድ ታነብልናለች። የፋብሪካ ሠራተኛው ከነልጆቹ ይመጣል። ታንኳ ሠሪው ጋሽ ኑሩ ታንኳ የሚሠሩበትን የሐይቅ ሣር፣ ደንገላቸውን፣ ተሸክመው መጥተው እያሰሩ ያዳምጣሉ። እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነበርሁ፤ ከመስኮቱ ትይዩ ካለው አግዳሚ ላይ እቀመጥና ስሕተቷን ለመልቀም ጆሮዬን አቆማለሁ። ማይክሮፎኑ ለእኔ ይገባል ብዬ አምን ነበርና። ግን ምንም አላገኘሁባትም። አትጮህም፤ ድምፅዋን አትቀያይርም፤ ትንፋሽዋን ብቻ ነበር የምትለውጠው። ትንፋሽዋ ሲለወጥ፣ የመጽሐፉ ሰውዬ መጣ እንላለን፤ እውነትም ይመጣል።

መጽሐፉ ስለ አንድ ባላባትና ስለ ጭሰኞቹ ነበር። የተፈቀደ መጽሐፍ ነው፤ ባላባቱም ክፉ ነው፤ ሁላችንም ጠልተነው ነበር። አንድ እሑድ ግን መሬቱ ተወርሶ፣ አርጅቶ፣ አልጋ ላይ ብቻውን ከወደቀበት ደረሰች። ድሮ ያስገረፈው ጭሰኛ ወደ ቤቱ ይገባል። ባላባቱ ቀና ለማለት ይሞክራል፤ ያቅተዋል። «ልጄ፣ እባክህ ውሃ አጠጣኝ» ይለዋል። ሙሉነሽ ይህችን ስታነብ ከንፈሯ የደረቀ መሰለኝ። እዚያ ላይ ሰዓቷ አለቀና መጽሐፉን ዘጋች።

እኔ አለቀስሁ።

አባቴ በማክሰኝት አካባቢ ባላባት ነበር። መሬቱ በተወረሰ በዓመቱ፣ በክረምት፣ ታሞ ሞተ። በሥራ ማመልከቻዬ ላይ «የገበሬ ልጅ» ብዬ ስለጻፍሁ ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም፤ ለቅሶም አልተቀመጥሁም። ውሃ ያጠጣው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር። ያቺ ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር አባቴን አምጥታ ፊቴ አስተኛችው። ፊቴን በመሐረብ ሸፍኜ፣ ሳል የያዘኝ መስዬ ቆየሁና ወደ ቤቴ ገባሁ። ሰው አይቶኝ ይሆን? ለምን አለቀስህ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢመጣስ? እስከ ሐሙስ ድረስ ሌላ ነገር አላሰብሁም።

ሐሙስ የውይይት ክበብ ነበር። ሂስ ያለው ጓድ ሲባል እጄን አወጣሁ። እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ማንም አልጎተተኝም። «ጓድ ሙሉነሽ ለባላባቱ የሰጠችው ድምፅ አንጀት የሚበላ ነው» አልሁ። «ሕዝቡን ለጨቋኝ መደብ ታስለቅሰዋለች።» ትረካው ስላልጣመኝ ተናግሬ ቢሆን ምን ነበረበት? ጥሞኝ ነው የከሰስኋት። በሕይወቴ ከሰማሁት ትረካ ሁሉ የሚበልጠውን ወንጀል ብዬ ጠራሁት፤ ምን እንደሚያስከትልም አሳምሬ አውቅ ነበር።

ሦስት ወር በቀበሌው እስር ቤት ቆየች። ሳል ይዟት ወጣች፤ ያ ድምፅም ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ሥራዋን አጥታ ሐይቁን ተሻግራ ቁንዝላ ዘመዶቿ ዘንድ ገባች፤ እዚያው ሞተች። ማይክሮፎኑን ለማን የሰጡት ይመስላችኋል? ለእኔ! እኔም ሌላ መጽሐፍ ይዤ ባላባት በተናገረ ቁጥር እንደ ውሻ ጮኽሁ። በሦስተኛው እሑድ ዋርካው ሥር የቀረው ዘበኛው ብቻ ነበር፤ እሱም መሄድ ስላልቻለ ነው።

ጋሽ ኑሩ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ያስቆሙኝ ነበር። «መምህር፣ ይችን ብቻ ይንገሩኝ። ያ ጭሰኛ ውሃውን ሰጠው ወይስ ከለከለው?» ይሉኛል። «አላነበብሁትም» እላቸዋለሁ። ውሸት ነው። መጽሐፉ ቤቴ ነበር። ሰጥቶታል፤ ራሱን ደግፎ በእጁ አጠጥቶታል። ከቆመችበት ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ነው። ሽማግሌው ይህን ሳይሰሙ ሞቱ። ይህችን እንኳ ነፈግኋቸው።

ዘመኑ ነው አትበሉኝ። ዘመኑ እጄን ይዞ አላነሣውም። በአባትህ ምክንያት ፈርተህ ነው፣ አዝነህ ነው አትበሉኝ። የሞተ አባቴን አንዴ ክጄ፣ እሱን ያስታወሰችኝን ሴት ከስሼ ደግሜ ካድሁት።

አንድ ነገር ዘልያለሁ፤ እሱን ሳልጽፍ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ያን ሐሙስ ሰብሳቢው ወደ ሙሉነሽ ዞሮ፣ «ለባላባት ያለቀሱት እነማን ናቸው? ስማቸውን ጥሪ፤ ጥፋትሽ ይቀልልሻል» አላት። ቀና ብላ በቀጥታ እኔን አየችኝ። እሑድ ዕለት ከመስኮቷ ትይዩ ነበርሁ፤ በመካከላችን ሰው አልነበረም። መሐረቡም ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ያለቀሰ ሰው አላየሁም» አለች። «ካጠፋሁም ያጠፋሁ እኔ ነኝ።»

ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ልትሰጠኝ የምትችለው እሷ ነበረች፤ እሷም ያን ዕለት፣ ገና ሳልጠይቃት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ሰጠችኝ። እኔ ተቀብዬ ዝም አልሁ።